የኮንሶል ዲስክ ኮምፒውተር ላይ ለምን አይሠራም?

ጥያቄ፦ የፕሌይስቴሽን ዲስክና የኮምፒውተር ዲስክ ሲታዩ አንድ ናቸው። የጌሙን ዲስክ ኮምፒውተር ውስጥ ስከተው ግን አንዳንዱን ጭራሽ አያነበውም፤ ሌላውን ደግሞ ፋይሎቹን ያሳየኛል እንጂ አያስጀምረውም። ኮፒ ያደረግሁትን ደግሞ ኮንሶሉ አይቀበለውም። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ፕላስቲኩ ላይ አይደለም። የፕሌይስቴሽን 1 ጌሞች በሲዲ፣ የ2 በሲዲና በዲቪዲ፣ የ3 እና የ4 በብሉ-ሬይ ነው የወጡት። ጭራሽ አልነበብ ያለዎት ብሉ-ሬይ ሊሆን ይችላል። የዲቪዲ ድራይቭ ባለ 650 ናኖሜትር ቀይ ሌዘር ሲጠቀም ብሉ-ሬይ 405 ናኖሜትር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ድራይቩ ምንም ያህል አዲስ ቢሆን ዲስኩ አይታየውም።

የፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ በአንጻሩ በተለመደው የፋይል አደረጃጀት ስለተጻፈ ዲቪዲ ድራይቭ ላይ ይከፈታል። የማይነሳው ፕሮግራሙ የተጻፈው ኢሞሽን ኢንጂን ለተባለው የኮንሶሉ ፕሮሰሰር በመሆኑ ነው፤ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ያንን ትእዛዝ አያውቀውም። ፕሌይስቴሽን 4 እንደ ኮምፒውተር የኤክስ86 ፕሮሰሰር አለው፤ ይሁንና ጌሙ የተመሰጠረና ለሌላ ሲስተም የተሠራ ስለሆነ ዝምድናው ብዙም አይጠቅምም።

ዲስኩን ሆን ብለው ከኮምፒውተር ያራቁም አሉ። ድሪምካስት የተባለው የሴጋ ኮንሶል ዲስክ 1 ጊጋባይት ያህል ሲይዝ፣ ተራ ድራይቭ የሚያየው መሃል አካባቢ ያለችውን ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። የኤክስቦክስ 360ን ዲስክ ዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ ቢከቱት ደግሞ «ኮንሶሉ ውስጥ ያስገቡት» የሚል አጭር ቪዲዮ ያሳይዎታል፤ ጌሙ ከዚያ ጀርባ ተደብቋል።

ኮፒውን በተመለከተ ፕሌይስቴሽን 1ን እንውሰድ። ብዙ ሰው ምስጢሩ የዲስኩ ጥቁር ቀለም ይመስለዋል፤ የሲዲ ሌዘር ግን ያንን ቀለም ያለ ችግር ያልፈዋል። ቁም ነገሩ ያለው በዲስኩ መጀመሪያ፣ ወደ መሃል ባለው ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ ትራኩ (መረጃው የተጻፈበት መስመር) በጣም በጥቂቱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜው አራት ፊደላት ይዟል፤ የመጨረሻው ፊደል ዲስኩ የጃፓን፣ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ መሆኑን ይለያል። ኮንሶሉ ፊደላቱን ካጣ ወይም የሌላ አካባቢ ሆነው ካገኛቸው ጌሙን አያስነሳም። በርነር፣ ማለትም ባዶ ዲስክ ላይ የሚጽፍ ድራይቭ፣ ይህን መቅዳት አይችልም። ባዶ ሲዲ ላይ ትራኩ ፋብሪካ ውስጥ አስቀድሞ ተቀርጿል፤ በርነሩ በተሰመረለት መስመር እየሄደ የባዶውን ሲዲ የቀለም ሽፋን በሌዘር ያጠቁራል እንጂ መስመሩን ማወዛወዝ አይሆንለትም። እናም ፋይሎቹ አንድ ሳይጎድሉ ቢገለበጡም ፊደላቱ ይቀራሉ። ኮንሶሉን ፈትተው የሚገጥሙት ቺፕ ሥራውም ይኸው ነው፦ ፊደላቱን ዲስኩን ተክቶ ይልካል። የበርነሩን ፍጥነት መቀነስ ወይም ውድ ባዶ ሲዲ መግዛት ይህንን አይፈታውም።

ጥያቄ፦ የተጫረ ዲስክ በማሽን ፍቆ ማለስለስ ለሁሉም ይሆናል?

መልስ፦ ለብሉ-ሬይ አይሆንም። መረጃው ከሚነበበው ገጽ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ገባ ብሎ ስለሚገኝ ማሽኑ መከላከያ ሽፋኑን ይገፈዋል። ዲቪዲ ላይ ጥልቀቱ 0.6 ሚሊ ሜትር፣ ሲዲ ላይ ደግሞ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሆነ የላይኛው ጭረት ሊለሰልስ ይችላል። የሲዲ ድክመት በሌላኛው ጎን ነው፤ ጽሑፉ ያለበት ገጽ ከተላጠ መረጃውም አብሮ ይነሳል፤ ወደ መብራት ይዘውት ቀዳዳ ከታየ ማስፈቁን ይተዉት። ሲያጸዱ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ይጥረጉ እንጂ ዙሪያውን አያሹት። ዙሪያውን የሄደ ጭረት ትራኩን ተከትሎ ረጅም መረጃ በአንድ ላይ ያጠፋል፤ ትራኩን አቋርጦ ያለፈውን ግን ድራይቩ ብዙ ጊዜ አርሞ ያነበዋል።