የት አየኸው?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በእግሬ ስወጣ አንድ የሰፈራችን ልጅ መንገድ ላይ አገኘኝ። ዓለም አቀፍ ግንኙነት ይማራል። «ጋሼ፣ ጎበዝ ዲፕሎማት ለመሆን ምን ላድርግ?» አለኝ። የደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴን ነገር አነሳሁለት። ስማቸውን ሰምቶ አያውቅም። ከፋኝ። ይህን የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

ደጃዝማች ዘውዴ ያረፉት በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ነው። የአዲስ አበባ ከንቲባ ነበሩ፣ የፍትሕ ሚኒስትር ነበሩ። በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ አምባሳደር፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። በኅዳር 1967 60ዎቹ ባለሥልጣናት ሲረሸኑ ሥልጣናቸውን ለቀው ውጭ አገር ቀሩ። ለእኔ ግን ከሹመታቸው ሁሉ የሚበልጥብኝ መጽሐፋቸው ነው።

ስለ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ታተመ። ደራሲው ራሳቸው የንጉሡ ዘር ናቸው። እኛ ስለ አያቶቻችን ስናወራ «ሲባል ሰምቻለሁ» ይበቃናል፤ ጉድለታቸውንም እንሸፍናለን። እሳቸው ግን የቤተሰብ ወግ አልጻፉም። ደብዳቤና ሰነድ አገላብጠው፣ በየግርጌ ማስታወሻው ምንጩን እያሳዩ ነው የጻፉት። ሚኒስትር ከሆኑ በኋላም ኦክስፎርድ ገብተው መማራቸውን ልብ በሉልኝ።

አፄ ዮሐንስ የፈረሙትን የዓድዋን ውል ታሪክ በእርጋታ አንብቡት። በግንቦት 1876 ዓ.ም. ንጉሡ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ተፈራረሙ። ግብፅ የያዘችው ቦጎስ (ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ያለው የከረን አካባቢ) ሊመለስላቸው፣ ዕቃም ሆነ የጦር መሣሪያ በምጽዋ በነፃ ሊያልፍላቸው ነው። እሳቸው በፋንታቸው ማህዲስቶች (ሱዳን ውስጥ በግብፅ አገዛዝ ላይ የተነሱት የማህዲ ተከታዮች) የከበቡት የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ሊረዱ ነው። ቃላቸውን ጠበቁ። ስምንት ወር ቆይቶ፣ በጥር 1877፣ ጣሊያን ምጽዋን ያዘች፤ እንግሊዝም እያወቀች። ከማህዲስቶች ጋር የመጣው ጠብ ግን ለንጉሡ ተረፈ። በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ወደቁ። ስለዚህ ውል ስታነቡ ምን ተሰጠን ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ሰጪው ቢያጥፍ ማን ያስገድደዋል? ይህን የሚጠይቅ ሰው አገር ያስፈልጋታል።

እኔ ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሪፖርት ጻፍኩ። ጽሑፉ ያምራል፣ እኔም ኮርቻለሁ። አለቃዬ መሃል ላይ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «የት አየኸው?» አሉኝ። «ሰዎች ሲሉ ሰምቼ» አልኩ። ምንም ሳይጨምሩ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። አልተቆጡም። ጣታቸው ያረፈበት ቦታ ግን እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ዛሬ እናንተን ስጠይቅ «ቲክቶክ ላይ» ትሉኛላችሁ። እዚያ ማየታችሁ ክፋት የለውም። ግን ተነሱና ዋናውን ፈልጉ። በተለይ የምትወዱትን ሰው የሚያሞግስ ነገር ስታገኙ ሁለቴ አጣሩ፤ የጠላትን ስህተት ማጣራት ለማንም አይከብድም።

ለዚያ ልጅም ይህንኑ አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት አብረን ልንገባ ተቀጣጥረናል። ደብተርና እርሳስ ይዘህ ና ብዬዋለሁ። ውሉን ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምሮ ጮክ ብሎ ያነብልኛል።