ስለ ሲሚንቶ፣ መስታወትና ጭቃ ቤት፦ የሕንፃ ካርቦን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መብራታችን የሚመጣው ከውኃ ኃይል ነው። ታዲያ የአዲስ አበባ ሕንፃ ምን ካርቦን አለው?

መልስ፦ ብዙ ሰው ካርቦን (ምድርን የሚያሞቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ሲባል የሚታየው አምፖልና ማቀዝቀዣ ነው። የእኛ ሕንፃ ግን ገና ሰው ሳይገባበት በሲሚንቶውና በፌሮው ምርት በወጣው የካርቦን ዕዳ ውስጥ ነው። ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይቃጠላል። ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላዩ ከድንጋዩ ከራሱ እንጂ ከማገዶው አይደለም። ፋብሪካው የድንጋይ ከሰል ቢተው እንኳ ችግሩ አያልቅም፤ ሲሚንቶውን ራሱን መቆጠብ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ጂ+2 ልጀምር ነው። ከየት ልቆጥብ?

መልስ፦ ከንድፉ። በኮለኖች መካከል ያለው ርቀት በሰፋ ቁጥር ሶሌታው ይወፍራል፣ ፌሮውም ይበዛል። ለብሎኬት ግንብና ለልስን ፒፒሲ የሚባለው የሲሚንቶ ዓይነት ይበቃዎታል፤ ፑሚስን የመሰለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሚቀላቀልበት ክሊንከር የሚባለው፣ ከምድጃ ተቃጥሎ የሚወጣው የሲሚንቶ ዋና ክፍል ያንሳል። ለሁሉም ሥራ ኦፒሲ (መደበኛው ሲሚንቶ) ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ግንበኛ አይጠፋም፤ አይስሙት። ፒፒሲ የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ስለሆነ ግን ልስኑን ሳምንት ያህል ውኃ ያጠጡት። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሰንፈው።

ጥያቄ፦ ፊት ለፊቱን በሙሉ መስታወት ባደርገውስ?

መልስ፦ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ይቅርብዎት። እኛ ዘንድ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከአናት ብዙም አትርቅም፤ ጥዋትና ማታ ግን ዝቅ ብላ ስለምትገባ በረንዳም አያግዳት። ክፍሉ ሲግል ማቀዝቀዣ ይገጠማል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተር ይነሣል። ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ባለች፣ ሌሊቷ በሚበርድ ከተማ ማቀዝቀዣ መግጠም ለእኔ የንድፍ ጉድለት ነው። በዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ ውስጥ በ1996 እ.ኤ.አ. የተከፈተውና ሚክ ፒርስ የነደፈው ኢስትጌት ሕንፃ የሌሊቱን ቅዝቃዜ በኮንክሪቱ ይዞ ቀኑን ይዘልቃል።

ጥያቄ፦ ወደ ጭቃ ቤት ተመለሱ እያሉን ነው?

መልስ፦ ለፎቅ አላልኩም። ለገጠርና ለአንድ ወለል ቤት ግን ምን ጎደለው? ጠላቱ ዝናብና ምስጥ ነው፤ ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረትና ከግድግዳው ወጣ ያለ ሰፊ ጣሪያ ይስጡት። ጭዱን ከጭቃው ጋር በደንብ ያብኩት፣ ምርጊቱ እንዳይሰነጠቅ።

ጥያቄ፦ የቤተሰብ ቤት አለን፤ አፍርሰን እንሥራ?

መልስ፦ መሐንዲስ መሠረቱንና ግድግዳውን አይቶ ደህና ነው ካለ አያፍርሱ፤ ያድሱት። ግድ ከሆነ በሩን፣ መስኮቱን፣ ቆርቆሮውንና የመሠረቱን ድንጋይ ሳይሰብሩ ያስነቅሉ፤ አዲሱ ቤት ላይ ይገባሉ።