የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሦስት መብራቶች አብረው ሲጠፉ

ጥያቄ፦ የሳሎኑ፣ የኮሪደሩና የመታጠቢያ ቤቱ መብራቶች ከሦስት ቀን በፊት እኩል ጠፉብን። የመኝታ ቤቶቹ መብራቶችና ሶኬቶቹ በሙሉ ይሠራሉ፤ ብሬከሩም አልወረደም። አምፖሎቹን በአዲስ ብንለውጥም አልበሩም። ጎረቤታችን ማብሪያዎቹን አብርቶ የሳሎኑን ፖርታ ላምፓዳ (አምፖሉ የሚገባበትን ማቀፊያ) በቴስተር ካቻቪቴ ሲፈትሽ መሣሪያው በሁለቱም ሽቦዎች ላይ ስለበራ፣ «ኤሌክትሪክ አለ፤ የተበላሹት የገዛችኋቸው አምፖሎች ናቸው» አለን። ሦስት አዳዲስ አምፖሎች እንዴት ባንድ ላይ ይበላሻሉ?

መልስ፦ መጠራጠርዎ ተገቢ ነው። አምፖሎቹ ደህና መሆናቸውን ለማወቅ አንዱን በሚሠራው የመኝታ ቤት መብራት ላይ መሞከር ይበቃል። ቴስተሩም አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የተሰጠው ትርጉም ነው። በጤነኛ መስመር ቴስተሩ የሚበራው ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ፣ ማለትም በፌዙ፣ ላይ ብቻ ነው። በሁለቱም ላይ ከበራ ግን የመመለሻው ሽቦ፣ ማለትም ኒውትራሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ተቋርጧል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ሦስቱ መብራቶች ይህን ኒውትራል ስለሚጋሩት፣ ከአንደኛው አምፖሉ ቢወጣ እንኳ ማብሪያቸው ባልጠፋ በሌሎቹ አምፖሎች በኩል የሚሻገረው ፌዝ ኒውትራሉን ጭምር የሚነዝር ያደርገዋል። በጣም የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ መብራቱ አይበራምና ሽቦው ምንም የለውም ብሎ እጁን የሚሰድ ሰው ሊሞት ይችላል። በመልቲሜትር ቢለካ ግን ነገሩ ይገለጣል፦ በ220 ቮልት መስመር ላይ በፌዙና በመሬት ሽቦው መካከል ሙሉው ቮልቴጅ ሲነበብ፣ በፌዙና በተቋረጠው ኒውትራል መካከል ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ይታያል።

የት እንደተቋረጠ የሚጠቁመው አብረው የጠፉትና ያልጠፉት መብራቶች ዝርዝር ነው። የመብራት መስመር ከክፍል ወደ ክፍል እየተቀጠለ ስለሚሄድ፣ ብልሽቱ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው በሚሠራው መብራትና በመጀመሪያው በጠፋው መካከል ነው። ስለዚህ በጠፉት ክፍሎች ብቻ መፈለግ ድካም ነው፤ ጥፋቱ መብራቱ በሚሠራው የመኝታ ቤት ስካቶላ (ሽቦዎቹ የሚቀጣጠሉበት ሣጥን) ውስጥም ሊሆን ይችላል። እንዲያው ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ወይም ብሎኑ በደንብ ያልጠበቀ ግንኙነት፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት እየሞቀ ሲቋረጥም እየቀዘቀዘ ከዓመታት በኋላ ይላላል። የጠቆረ ወይም የተሰባበረ የሽቦ ልባስ ካዩ ቦታውን አገኙት ማለት ነው። የተቃጠለው ጫፍ እስከ ንጹሑ መዳብ ድረስ ተቆርጦ በአዲስ ሞርሴቶ (በብሎን የሚጠብቅ የሽቦ ማገናኛ) መታሰር አለበት፤ በላዩ ናስትሮ መጨመር ጥገና አይደለም።

ስካቶላው ከመከፈቱ በፊት ዋናው ብሬከር ይውረድ። ቴስተሩም ብሬከሩ ከመውረዱ በፊት በሚሠራ ሶኬት ላይ ተሞክሮ፣ ከወረደ በኋላ እያንዳንዱ ሽቦ ይፈተሽ። ሙያው ከሌለዎት እስከዚህ ደርሰው ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይተዉት፤ የትኞቹ መብራቶች አብረው እንደጠፉ ሲነግሩት ግን ግማሹን ፍለጋ አቃለሉለት።

ጥያቄ፦ የኤልኢዲ አምፖላችን ማብሪያ ማጥፊያውን ካጠፋነው በኋላም ሌሊቱን ሙሉ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ያሰጋል?

መልስ፦ በማብሪያው ላይ በጨለማ የምትታይ ትንሽ ጠቋሚ መብራት ካለች፣ በእርሷ በኩል የሚያልፈው እጅግ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ለኤልኢዲ ይበቃዋልና አያሰጋም። ጠቋሚ ከሌለ ግን ማብሪያው የሚያቋርጠው በፌዙ ፋንታ ኒውትራሉን እንዳይሆን ያስመርምሩ። እንደዚያ ከሆነ መብራቱ ጠፍቶም ፖርታ ላምፓዳው ይነዝራል፤ አምፖል ለመለወጥ እንኳ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። እስኪስተካከል ድረስ አምፖሉን የሚለውጡት ብሬከሩን አውርደው ይሁን።