ስካን የተደረገ ፊልም መቼ ነው ሻርፕ የሚደረገው?

እህቴ፣ «የድሮ ኔጌቲቮች ስካን እያደረግሁ ነው፤ ሻርፕ የማደርገው እዚያው ስካነሩ ላይ ነው፣ ኤዲት ስጀምር ነው ወይስ ስጨርስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሻርፕ ማድረግ ማለት በሶፍትዌር የምስሉን ጠርዞች ጥርት አድርጎ ማውጣት ነው። አጭሩ መልስ «ስትጨርሺ» ነው። ረጅሙ ከራሴ ጥፋት ይጀምራል።

መጀመሪያ የቤተሰብ ኔጌቲቮች ስካን ሳደርግ፣ ስካነሩ ሶፍትዌር ላይ ያለውን ሻርፕ ማድረጊያ እስከ ጥግ ለቀቅኩት። ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ ሲታየኝ ደስ አለኝ፤ ሦስት መቶ ገደማ ፍሬም በዚያው ጨረስኩ። በኋላ አንዱን አጉልቼ ሳሳትም ጉዴ ፈላ። የአያቴ ፊት አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ትከሻዋን ነጭ መስመር ከቦታል። ዓይን ያልገባ አቧራ ሁሉ ፈጥጦ ወጥቷል። ይሄ አንዴ ፋይሉ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ሁሉንም እንደ አዲስ ስካን አደረግኩ።

ሻርፕ ማድረግ ፎቶው ላይ ያልነበረ ነገር አይጨምርም። ጨለማና ብርሃን የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ጨለማውን ያጠቁረዋል፣ ብርሃኑን ያነጣዋል። ዓይናችን ይህን ጥራት ነው ብሎ ይቀበላል። ሶፍትዌሩ ግን የዓይን ሽፋሽፍትን ከጭረት ወይም ከግሬይን (ፊልሙ ላይ ካሉት ጥቃቅን ነጠብጣቦች) አይለይም። 35 ሚሊሜትር ፍሬም በ4000 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 4000 ነጥብ) ስካን ሲደረግ ወደ 21 ሜጋፒክስል ይመጣል። ያንን በ100 ፐርሰንት (አንዱ የምስል ፒክስል በአንድ የስክሪን ፒክስል) ስታዪው ግሬይኑም አብሮ ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። ለዲጂታል ካሜራ የተሰጠ ምክር ፊልም ላይ እንዳለ የማይሠራው ለዚህ ነው።

አሁን የስካነሩን ሻርፕ አጠፋና በ16 ቢት ቲፍ (ጥራት በማይቀንስ የፋይል ዓይነት) አስቀምጣለሁ። ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ይመጣል፤ አትደንግጪ። አቧራና ጭረቱን አነሳለሁ። በኢንፍራሬድ የሚያጸዳው ዘዴ ለከለር ኔጌቲቭ ጎበዝ ነው፤ ለተለመደው ጥቁርና ነጭ ፊልም ግን አይሆንም፤ ምስሉን የሠሩት የብር ቅንጣቶች ኢንፍራሬዱን ስለሚያግዱት ምስሉን ራሱን አቧራ ነው ብሎ ያስባል። እዚያ በእጅ መልቀም ነው። ከዚያ ከለርና ኮንትራስት። ኮንትራስት ከሻርፕ በኋላ ከጨመርሽ ጠርዝ ላይ ያለው ነጭ መስመርም አብሮ ይጎላል። እዚህ ላይ ሴቭ አድርጌ ዋናውን ፋይል አልነካውም።

ሻርፕ የማደርገው ኮፒውን ነው፤ ያውም ወደሚፈለገው መጠን ከቀየርኩት በኋላ። ለትልቅ ህትመትና ለስልክ የሚበቃው ሻርፕ አንድ አይደለም። በ300 ፒክስል በኢንች ለሚታተም አንሻርፕ ማስክ በሚባለው የሻርፕ መሣሪያ ላይ ሬዲየሱን (ከጠርዙ ዙሪያ ስንት ፒክስል እንደሚነካ) ከ1 እስከ 1.5 አድርጌ እጀምራለሁ፤ ለስክሪን ካሳነስኩት ከ0.3 እስከ 0.5 ይበቃኛል። ትሬሾልዱን (ልዩነቱ ስንት ሲደርስ ጠርዝ ተብሎ እንደሚቆጠር) ዜሮ ላይ አትተዪው፤ ትንሽ ከፍ ስታደርጊው ግሬይኑ ያርፋል። ሰማይና ጉንጭን በማስክ (ሻርፑ እንዳይነካቸው በመሸፈን) አስቀራለሁ። ሻርፕ ያደረግሽበትን ሌየር (ከምስሉ በላይ የሚደረብ ንብብር) ሉሚኖሲቲ ላይ፣ ማለትም ብርሃኑን ብቻ እንዲነካ ካደረግሽው ጠርዞቹ ላይ ያልተፈለገ ከለር አይመጣም።

በነገራችን ላይ፣ ሻርፕ የሚያደርገው ነገር «አንሻርፕ» መባሉ ድሮ ግራ ይገባኝ ነበር። ስሙ ፎቶ ከሚታጠብበት ጨለማ ክፍል የመጣ ነው። ከኔጌቲቩ ሆን ተብሎ የደበዘዘ ፖዘቲቭ (ጨለማና ብርሃኑ የተገለበጠ ቅጂ) ይሠራና፣ ሁለቱ ተደርበው ይታተሙ ነበር። ያ ብዥታ ነው ጠርዙን የሚያወጣው።

አንድ ነገር ግን ልመን፤ ፍላትቤድ ስካነር (ወረቀት በመስታወት ላይ የሚቀመጥበት ጠፍጣፋው ዓይነት) ከሆነ ያለሽ፣ ምስሉ በጣም ስለሚለሰልስ ዓይንሽ አስቸግሮሽ ኤዲት ማድረግ ሊያቅትሽ ይችላል። እኔም አቧራውን ካነሳሁ በኋላ በጣም ቀለል ያለ ሻርፕ በሌላ ሌየር ላይ አደርጋለሁ። ሌየር ስለሆነ ባልወደው አጠፋዋለሁ።

ስካኑን ላብ (ፎቶ ማጠቢያ ቤት) የሚሠራልሽ ከሆነ ግን ፊልሙን ከመስጠትሽ በፊት «ሻርፕ ሳታደርጉ ስጡኝ» በያቸው። መጀመሪያ አንድ ፍሬም ብቻ አሠሪ፤ በ100 ፐርሰንት ከፍተሽ ጠርዞቹን እዪ። ነጭ መስመር ካለ ቀሪውን አትስጪያቸው።