ጳጳሱን ሳይሆን ባለ ጉልቱን
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ላንፍራንክ አንዱ ጽሑፍ ላይ «ቤተ ክርስቲያንን ያደሰ»፣ ሌላው ላይ «የንጉሥ ሰው» ተብሎ አነበብኩ። የትኛው ነው ትክክል? (ከጎንደር)

መልስ፦ ሁለቱም። ላንፍራንክ የጣልያኗ ፓቪያ ተወላጅ ሲሆን በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ፣ በቤክ ገዳም መንኩሶ ስመ ጥር መምህር የሆነ ሰው ነው። የኖርማንዲው መስፍን፣ ድል አድራጊው ዊልያም፣ እንግሊዝን በ1066 ከያዘ በኋላ፣ በ1070 ካንተርበሪ ላይ ሾመው (ዓመታቱም ቀናቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቀዳሚው ስቲጋንድ ካንተርበሪንና ዊንቸስተርን ደርቦ በመያዙ፣ የሊቀ ጳጳስነት ምልክት የሆነውን የትከሻ ልብስ፣ ፓልዩምን፣ ሮም ካልተቀበለችው ጳጳስ በመውሰዱም ተሽሮ ነበር።

አዲሱ ሊቀ ጳጳስ በመጀመሪያ የገጠመው የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ነው፤ ቶማስ ለካንተርበሪ በጽሑፍ እታዘዛለሁ አልልም ብሎ ነበር። ነገሩ የክብር ሽኩቻ ይመስላል፤ ንጉሡን ያሳሰበው ግን ሌላ ነው። ዴኖች (የዴንማርክ ሰዎች) በ1069 ሰሜኑን ወርረው ዮርክ ገብተዋል። ራሱን የቻለ የዮርክ ሊቀ ጳጳስ ካለ፣ ነገ ሌላ ንጉሥ ቀብቶ ሊያነግሥ ይችላል። በ1072 ለካንተርበሪ ተፈረደ፤ የሀምበር ወንዝም የሁለቱ አህጉረ ስብከት ወሰን ሆነ።

በ1075 የለንደን ጉባኤ ደግሞ በትንንሽ ቦታዎች የነበሩ መንበሮች ወደ ከተማ እንዲዛወሩ ተወሰነ፦ የሸርቦርኑ ወደ ሶልዝበሪ፣ የሴልሲው ወደ ቺቼስተር፣ የሊችፊልዱ ወደ ቼስተር። በዚያው ዓመት ንጉሡ ኖርማንዲ ሳለ መኳንንት ሲያምፁ አገሩን የያዘው ላንፍራንክ ነው። ለአማፂው ለሄርፎርዱ ሮጀር አስቀድሞ እንደ አባት የምክር ደብዳቤ ጻፈለት፤ እንቢ ሲል አወገዘው። ለንጉሡ ደግሞ «ባሕር ተሻግረህ አትምጣ፤ መምጣትህ ለእኛ ውርደት ነው» የሚል መልእክት ላከ።

ብልሃቱ ጎልቶ የሚታየው ግን በኦዶ ጉዳይ ነው። ኦዶ የንጉሡ የእናት ልጅ ነው፤ በኖርማንዲ የባዩ ከተማ ጳጳስም፣ በእንግሊዝ የኬንት ገዢም ነበር። ንጉሡ በ1082 ሊያስረው ሲፈልግ «ጳጳስ በዓለማዊ እጅ አይያዝም» የሚለው ሕግ መንገድ ዘጋበት። የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዜና መዋዕል እንደሚለው መውጫውን ያገኘው ላንፍራንክ ነው፦ የምትይዘው የባዩን ጳጳስ ሳይሆን የኬንትን ገዢ ነው! በእኛ አነጋገር ቆቡን ትቶ ጉልቱን መጠየቅ ማለት ነው። በ1088 የደርሃሙ ጳጳስ በአመፅ ተከስሶ «እንደ ጳጳስነቴ ዳኙኝ» ሲልም ላንፍራንክ ይህንኑ መለሰለት።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዋጋ አስከፍሏል። የንጉሡ ደንብ እንዲህ ነበር፦ ያለ ንጉሡ ፈቃድ ለሮም ጳጳስ እውቅና አይሰጥም፤ የጳጳሱ ደብዳቤ መጀመሪያ ንጉሡ ሳያየው አይገባም፤ የጉባኤ ውሳኔ እሱ ካልወደደው አይጸናም፤ የንጉሡ መኳንንትም ያለ እሱ ፈቃድ አይወገዙም። ላንፍራንክ ከእነዚህ አንዱንም አልተቃወመም። የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ ሰባተኛ ወደ ሮም ና እያለ ሲወተውተውም አልሄደም።

ጥያቄ፦ የእኛ ቄሶች ከክህነት በፊት ያገባሉ። ላንፍራንክ የእንግሊዝ ቄሶችን ሚስቶቻቸውን አስፈትቷል የሚባለው እውነት ነው? (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ ሁሉንም አላስፈታም። የሮም አቋም ካህን ጨርሶ ሚስት አይኑረው የሚል ነበር፤ ዲያቆኑ አግብቶ ቅስና ከሚቀበልበት ከእኛ ሥርዓት ይለያል። በ1076 የዊንቸስተር ጉባኤ ግን ላንፍራንክ ነገሩን ከፋፍሎ አየው። የካቴድራል ካህናት ሚስት አይኑራቸው ተባለ። በገጠርና በግንብ መንደር የሚያገለግሉ፣ አስቀድመው ያገቡ ቄሶች ሚስቶቻቸውን እንዲፈቱ አይገደዱም። ያላገቡት ከዚያ ወዲህ አያገቡም፤ ጳጳሳትም ሚስት የለኝም ብሎ ያላረጋገጠን ሰው ለዲቁናም ሆነ ለቅስና አይሹሙ።

የገጠሩ ቄስ ቤቱም እርሻውም በሚስቱ የቆመ ነው። እሱን አስገድዶ ማፋታት አጥቢያዎቹን ያለ አገልጋይ ማስቀረት ይሆን ነበር። ስለዚህ የነበረውን ትቶ የሚመጣውን ከለከለ፤ ከጎርጎርዮስ ቁጣ ይልቅ ይህ ብልህነት ነው ባይ ነን። ቢሆንም ያገቡ ቄሶች ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን አልጠፉም።

ጥያቄ፦ እሱ ሲሞት ሥራው ዘለቀ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከፊሉ። የተዛወሩት መንበሮች አብዛኞቹ ጸንተዋል፤ በ1067 ተቃጥሎ የነበረውንና ከኖርማንዲዋ ካን ከተማ በመጣ ድንጋይ ያሠራውን የካንተርበሪ ካቴድራል ግን በኋላ ሌሎች አፍርሰው አስፋፉት። ዊልያም መስከረም 9 ቀን 1087 ሲሞት፣ ላንፍራንክ በ17ኛው ቀን ሁለተኛውን ዊልያም ዌስትሚንስተር ላይ አነገሠው። ራሱ በግንቦት 1089 አረፈ። ያነገሠው ንጉሥም መንበሩን ባዶ አድርጎ፣ እስከ 1093 አንሰልም እስኪሾም ድረስ የካንተርበሪን ገቢ ወደ ራሱ ግምጃ ቤት አስገባ።