በፀሐይ ሙቀት የሚሠራ የውኃ ማጣሪያ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደጀን አካባቢ ነው፤ የጉድጓዳችን ውኃ ድፍርስና ጨዋማ ነው። በፀሐይ ብቻ የሚሠራ ማጣሪያ እቤቴ መሥራት እችላለሁን?

መልስ፦ አዎን፣ ይችላሉ። ውኃው በፀሐይ ሙቀት ተንኖ በመስታወት ላይ ተመልሶ ጠብታ ሲሆን ጨውም፣ ጭቃም፣ ተሕዋስያንም ከታች ይቀራሉ። ውስጡ ጥቁር በሆነ ዝርግ ትሪ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ይጨምሩና መስታወቱን አዘንብለው ይክደኑት፤ ዝቅ ባለው ጠርዝ ሥር ጠብታውን ተቀብላ ወደ ንጹሕ ጀሪካን የምታወርድ አሸንዳ ያብጁ። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው መስታወቱ ነው፤ ተዳፋትነቱ ካነሰ ወይም ቅባት ከነካው ጠብታው ወደ ጠርዙ በመንሸራተት ፈንታ ተመልሶ ድፍርሱ ውኃ ውስጥ ይወድቃልና ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘንብሉት፣ በሳሙናም አጥርተው ይጠቡት። ዙሪያውንም ይድፈኑት፤ እንፋሎቱ በትንሽ ክፍተት እንኳ ያመልጣል።

አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ማጣሪያ በጠራ ፀሐይ በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር ያህል ይሰጣል፤ ይህ ለመጠጥ እንጂ ለልብስ አጠባ አይበቃም፣ በክረምት ደመናማ ቀናትም በእጅጉ ይቀንሳል። ነዳጅ ወይም ፀረ ተባይ መድኃኒት የነካውን ውኃ ግን በዚህ ዘዴ አጣርተው እንዳይጠጡ አደራ እላለሁ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከውኃው ጋር አብረው ይተናሉ።