የቤት ኮክፒት ጥያቄዎቻችሁ፦ «ከአዘዞ ልነሳ ስል አፍንጫው አልነሳ አለኝ»

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። የምኖረው ጎንደር አዘዞ ነው፣ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የቦይንግ 737-800 አውሮፕላን ኮክፒት (የአብራሪ ክፍል) ለጨዋታ እየሠራን ነው። ፓኔሉ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ እንጨት) ነው፣ ስዊቾቹ በአርዱይኖ (ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ነው የሚሠሩት፣ አንዱ ኮምፒውተር ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርን (የበረራ ማስመሰያውን) ያስኬዳል ሌላኛው ደግሞ የኮክፒቱን ሶፍትዌር። ችግሩ ምን መሰለህ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ ኤርፖርት ልነሳ ስል ሲዲዩው (የበረራውን መረጃ የምንጽፍበት ባለ ቁልፍ ስክሪን) የሰጠኝ ፍጥነት ላይ ደርሼ ዮኩን (መሪውን) ብስበው ብስበው አውሮፕላኑ ንቅንቅ አይልም፣ ራንዌዩ ሊያልቅ ሲል ነው እንደምንም የሚነሳው። የፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው) ማንሻውን ደግሞ 5 ላይ ሳደርገው ስክሪኑ 10 ይለኛል። ጓደኛዬ የአውሮፕላኑን ፋይል ከፍተን ሊፍቱን (ክንፉ ወደ ላይ የሚያነሳበትን ኃይል) እንጨምርለት እያለ ነው። እንጨምር?

መልስ፦ ኧረ አትጨምሩ! ፋይሉን እንዳለ ተዉት፣ ለጓደኛህም ሰላም በልልኝ። ክንፉ ምንም አልሆነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናንተ ቤት ስለ አንድ አውሮፕላን የሚያወሩ ሁለት ፕሮግራሞች አሉ። ሲሙሌተሩ ክንፉን፣ ክብደቱንና ሞተሩን ይዞ ያበረዋል፣ የኮክፒቱ ሶፍትዌር ደግሞ ሲዲዩውን፣ ስክሪኖቹን፣ አውቶፓይለቱን ይዟል። ሁለቱ ካልተስማሙ የምታየው ሌላ የምትነዳው ሌላ ይሆናል። ሲዲዩው አውሮፕላኑን አይመዝንም እኮ፣ የነገርከውን ነው የሚያምነው። ያለ ነዳጅ ክብደቱን 50 ቶን ብለህ ጽፈህለት ሲሙሌተሩ ውስጥ ግን መንገደኛውና ሻንጣው ሞልቶ 60 ከሆነ፣ ለቀላል አውሮፕላን የሚሆን ፍጥነት ሰጥቶህ ከባዱን አንሳ ይልሃል ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሲሙሌተሩን የክብደት ገጽ ክፈትና ጠቅላላ ክብደቱን እይ፣ ከዛ ሲዲዩው ላይ ፐርፍ ኢኒት የሚለው (ክብደቱ የሚሞላበት) ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያየው። ልዩነቱ ጥቂት መቶ ኪሎ ከሆነ እለፈው፣ ቶን ቤት ከገባ ግን ችግርህን አገኘኸው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኪሎና ፓውንድ ላይ ነው፣ የሲሙሌተሩ የአውሮፕላን ፋይል ውስጥ ክብደት የሚጻፈው በፓውንድ ነው፣ የእናንተ ሲዲዩ ደግሞ በኪሎ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል፣ 1 ኪሎ 2.2 ፓውንድ ነው። ለማመሳከሪያ እነዚህን ግድግዳው ላይ ለጥፋቸው፦ 737-800 ባዶውን ወደ 41 ቶን ነው፣ ለመነሳት የሚፈቀደው ትልቁ ክብደት 79,010 ኪሎ፣ ነዳጁ ሙሉ ሲሆን ክንፎቹ እያንዳንዳቸው 3,915 ኪሎ መሃሉ 13,066 ኪሎ፣ ሲደመር 21 ቶን አይሞላም። ነዳጅ ሞልተህ 46,000 የሚል ቁጥር ካየህ ፓውንድ ነው እያነበብክ ያለኸው።

ሌላው ደግሞ ነዳጅና መንገደኛ የሚጫንበትን ቦታ አንድ ብቻ አድርጉ። የኮክፒቱ ሶፍትዌር የአስተማሪ ገጽ ካለው ከዛ ጫኑ፣ የሲሙሌተሩን አትንኩ። ከሁለቱም ቦታ የሚነካካ ሰው መጨረሻ ላይ የቱ እውነት እንደሆነ ራሱም አያውቀውም።

አሁን ወደ ጎንደር እንምጣ። ኤርፖርታችን ከባህር ጠለል በላይ ወደ 6,500 ጫማ ነው። በዚህ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 2 ዲግሪ ነው የሚባለው፣ ቀን ላይ 25 ዲግሪ ሲሆን ታዲያ አየሩ ይሳሳና አውሮፕላኑ 9,000 ጫማ አልፎ ያለ ያህል ነው የሚሰማው። ጠቋሚው ላይ 140 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ስታነብ በእውነተኛው ፍጥነት 160 ገደማ እየሄድክ ነው፣ ሞተሩም ይደክማል፣ ስለዚህ ሩጫው መርዘሙ ልክ ነው፣ ሊረዝም ይገባዋል። ግን ልብ በል፣ ፍጥነቱ ላይ ለመድረስ መዘግየት አንድ ነገር ነው፣ ፍጥነቱ ላይ ደርሶ አለመነሳት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው የከፍታው ነው። ሁለተኛውን በከፍታ ማሳበብ አይቻልም ምክንያቱም ጠቋሚው የሚያሳይህ ፍጥነት የአየሩን መሳሳት አስቀድሞ የቆጠረ ነው፣ እሱ ወይ የክብደት ነው ወይ የትሪም (የአፍንጫውን ከፍና ዝቅ ማስተካከያ) ወይ የዮክ። አንተ የጻፍክልኝ ሁለተኛውን ነው።

ለማረጋገጥ ያንኑ አውሮፕላን በዛው ክብደት ጅቡቲ አስቀምጠው፣ እዛ ኤርፖርቱ ባህሩ አፍ ላይ ነው፣ ሙቀቱን 15 አድርግና ተነሳ። እዛም ዮኩን ስትስበው እምቢ ካለ ጉዳዩ ሴቲንግ ነው። ያኔ ሲዲዩው ለመነሻ የሰጠህ የትሪም ቁጥር የትሪም መዘውሩ ላይ መግባቱን እይ፣ ከዛም ዮኩን እስከ መጨረሻው ስበህ ሶፍትዌሩ መቶ ፐርሰንት ያነብ እንደሆነ ተመልከት፣ ቤት ውስጥ የተሠራ ዮክ ብዙ ጊዜ ፖቴንሺዮሜትሩ (የዮኩን እንቅስቃሴ የሚለካው) ሙሉውን ዙር ስለማይዞር 70 ላይ ይቆማል። በነገራችን ላይ የሞተሩንም ነገር እይ፣ 26ኬ (26,000 ፓውንድ የመግፋት ኃይል) ነው ብለህ የምታስበው ሞተር ሲዲዩው ላይ ወደ 22ኬ ተቀንሶ ከነበረ ከጎንደር በሙሉ ጭነት ስትነሳ ላብህ ነው የሚመጣው።

ፍላፑ ቀላል ነው። 737 ላይ ማንሻው ዘጠኝ ቦታ አለው፣ አፕ፣ 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 15፣ 25፣ 30 እና 40። ሶፍትዌሩ ካልነገርከው ጠቅላላ ርቀቱን እኩል ለዘጠኝ ሊከፍለው ይችላል፣ እናንተ በእንጨት የቀረጻችሁት ቀዳዳ ደግሞ እኩል አይደለም። ካሊብሬሽኑ (የማንሻዎቹ ልክ የሚስተካከልበት ገጽ) ውስጥ ገብተህ እያንዳንዱ ቦታ ላይ አቁመህ የሚያሳየውን ቁጥር አስመዝግብ፣ በሁለት ቦታዎች መሃል ክፍተት ተውለት፣ ቁጥሩ ትንሽ መንቀጥቀጡ አይቀርም። እና ደግሞ አደራ፣ የሲሙሌተሩን የኮንትሮል ገጽ ክፈት፣ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የሚያውቀው መሣሪያ ሲሰካ ራሱ ቁልፍ ይመድብለታልና ስሮትሉን (የሞተር ኃይል ማንሻውን) ሲሙሌተሩም ሶፍትዌሩም ይዘውት እየተጓተቱበት ሊሆን ይችላል። ባዶ ፕሮፋይል ፍጠርና ሁሉንም ለኮክፒቱ ሶፍትዌር ተውለት።

ሁሉም ሲስተካከል የሴቲንግ ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ቅዳው። እየጻፈ እያለ መብራት ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፣ የኛን ከተማ መብራት ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ዩፒኤስ ካላችሁ ከስክሪኑ በፊት ለኮምፒውተሮቹ ስጡት።

ጥያቄ፦ እኔ ከማራኪ ነኝ። ወደ አዲስ አበባ የተሳፈርኩበት ኪው400 የሚባለው አውሮፕላን ስለነበረ እሱን መሥራት አማረኝ። የ737 ሴቲንጌን ኮፒ አድርጌ ብጠቀምስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ስክሪንሽንና ዮክሽን መጠቀም ትችያለሽ፣ የቀረውን ግን አዲስ ፕሮፋይል ክፈቺለት። ኪው400 ባለ ፕሮፔለር ነው፣ እያንዳንዱ ሞተር ከ5,000 የፈረስ ጉልበት በላይ አለው፣ ፕሮፔለሩ ስድስት ቢላ ነው። ለየሞተሩ ከፓወር ሌቨሩ (የኃይል ማንሻው) ሌላ ኮንዲሽን ሌቨር (የፕሮፔለሩን ዙርና ነዳጁን የሚቆጣጠር ማንሻ) የሚባል ስላለው በሁለት ማንሻ ብቻ አይሆንም፣ አራት ያስፈልግሻል። ፍላፑም 0፣ 5፣ 10፣ 15 እና 35 ነው፣ ዘጠኝ ቦታ ያለው ማንሻሽ አራቱ ቦታ ሥራ ፈት ይሆናል። የ737ን ፋይል ኮፒ አድርጎ ስሙን መቀየር የሚባለውን ነገር አትሞክሪው፣ ከባዶ መጀመሩ ይፈጥናል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ልጄ ያዘጋጀልኝ ሲሙሌተር ላይ ጎንደር ሳርፍ የካቢን ግፊቱ ነገር አይገባኝም፣ ላንድ አልት የሚለውን ምን ላይ ላድርገው?

መልስ፦ ጋሼ፣ የሚያርፉበትን ኤርፖርት ከፍታ ነው የሚሞሉት። ቻርቱ ላይ ያለውን ቁጥር ወደ ቅርቡ 50 ጫማ ያጠጉት፣ ማዞሪያው በ50 በ50 ነው የሚሄደው። ዜሮ ላይ ከተዉት ሲስተሙ ባህር ዳርቻ ሊያርፍ ነው ብሎ ስለሚያስብ ካቢኑ ውጪ ካለው አየር ይበልጥ ታጭቆ ይደርሳል። ከጎንደር ተነስተው ቦሌ ካረፉ ደግሞ ቁጥሩን ሳይነሱ በፊት ይቀይሩት፣ ቦሌ ከእኛ ከ1,000 ጫማ በላይ ከፍ ይላል። ማዞሪያው ሲዞር ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ልጅዎ የኢንኮደሩን (የማዞሪያውን ዙር የሚቆጥረውን) ዓይነት ሶፍትዌሩ ውስጥ ይቀይርልዎ።